መብራቷ የምትበራው መቼ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንዲት መብራት ናቸው፤ ከአፏ ጠብታ የሚወርድ የዘይት ማንቆርቆሪያ ስለምትመስለው ቀይ መብራት። ሦስቱም መኪኖች ያረጁና ብዙ የሄዱ ናቸው። የመጀመሪያውን በረጅሙ መልሻለሁ፤ እሱን ያነበበ የቀሩትን ሁለቱን በቀላሉ ይረዳቸዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ትተውልኝ ያለፉትን መኪና ነው የምነዳው። 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ናት። ቆጣሪዋ 347,000 ኪሎ ሜትር ላይ ደርሷል። ከሁለት ወር ወዲህ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቼ ስቆም፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳልረግጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ሳለች የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቤንዚን ትንሽ ስነካ ወዲያው ትጠፋለች። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አትበራም። የመጀመሪያው መካኒክ ሴንሰሩን ቀየረው፤ ዘጠኝ ቀን ደህና ሰንብታ ተመለሰች። ሁለተኛው «ዘይቱ ቀጥኖብሃል» ብሎ ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ዘይት ሞላልኝ፤ መብራቷ ቀነሰች እንጂ አልተወችም፣ ጠዋት ስትነሳ ደግሞ ከላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀመራት። ሦስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ አዳመጠና «ይሄ ሞተር አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። የማንን ልመን? አባቴ ዘይቷን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ አንድም ቀን ሳያሳልፉ ነው የቀየሩላት። በእኔ እጅ እንድትበላሽ አልፈልግም።

መልስ፦ ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ዘይቷ በጊዜው ሲቀየርላት የኖረች መኪና 347,000 ላይ ብትደርስም ብዙ ጊዜ የምትድን ናት፤ ስለዚህ ሞተር ለማውረድ አትቸኩል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስይዝህ። መብራቷ ቤንዚን ረግጠህ እየሄድክ ሳለ ከበራች፣ ወይም ሚኒሞ ላይ በርታ ከሞተሩ ሥር የሚደልቅ ወፍራም ድምፅ ከሰማህ፣ ዳር ይዘህ ቁልፉን አጥፋ። «ጋራዡ ቅርብ ነው፣ ልድረስ» አትበል። ዘይት የተቋረጠበት ሞተር የሚበላሽበት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ጭነት ካለበት ከዚያም ያንሳል።

አንተ እንደነገርከኝ እስካሁን ሚኒሞ ላይ ብቻ ናት፤ ለመመርመር ጊዜ አለህ ማለት ነው። ነገሩ እስኪለይ ረጅም መንገድ አትውጣባት። ዳገት ላይም በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር እየታፈነች እንድትወጣ አታስገድዳት። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

ሴንሰር የምንለው ዕቃ በእንደዚህ ያለች መኪና ላይ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስዊች ነው። ውስጡ በስፕሪንግ የተገፋ ስስ ሽፋን አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ግፊት በሌለበት ጊዜ ስፕሪንጉ ሁለት ብረቶችን ያገናኛል፤ መብራቷም በሞተሩ አካል በኩል ማሳ (ወደ ባትሪው የሚመለስ የኤሌክትሪክ መንገድ) አግኝታ ትበራለች። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ሽፋኑን ገፍቶ ያለያያቸዋል፣ ትጠፋለች። ይህ የሚሆንበት ግፊት በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ገደማ ነው። የጎማህ ግፊት ከ2 ባር በላይ ነው፤ ከዚያ ጋር አስተያየውና የቁጥሩን ትንሽነት ታያለህ። የዘይቱ ግፊት ከ3 ባር ወደ 1 ባር ቢወርድ መብራቷ ምንም አትነግርህም። የምትበራው ከሞላ ጎደል ሲያልቅ ነው። ለዚህ ነው ብልጭታዋን ቀላል አድርጌ የማላየው።

አዲሱ ሴንሰር ዘጠኝ ቀን ያሳረፈህም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለት አዲስ ስዊቾች ከአንድ ካርቶን ብታወጣ እንኳ በትክክል እኩል ግፊት ላይ አይሠሩም። አሮጌው 0.4 ላይ ይበራ ከነበረ፣ አዲሱ 0.3 ላይ የሚበራ ከሆነ፣ የአንተ ሞተር ደግሞ ሚኒሞ ላይ 0.35 ካለው፣ ዕቃውን በመቀየር ብቻ መብራቷ ዝም ትላለች። ግፊቱ ግን ያው የነበረው ነው።

አሁን ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የዘይት መብራትን ነገር ሲገምት ነው የሚኖረው። የዘይት ፓምፕ ሥራው ዘይት መግፋት ነው። ግፊት የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት መውጫው ሲጠብበት ነው። መውጫዎቹ ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ በክራንክሻፍቱ፣ እና እሱ በሚሽከረከርባቸው ስስ የብረት ማረፊያዎች፣ በብሮንዚኖቹ፣ መካከል ያሉት ክፍተቶች ናቸው፤ ከላይም በሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የተቀመጠባቸው ቦታዎች። አዲስ ሞተር ላይ የብሮንዚኑ ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ የሚያልፈው የዘይት መጠን ከክፍተቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ክፍተቱ እጥፍ ቢሆን በዚያው ግፊትና በዚያው ውፍረት የሚያመልጠው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። የጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር መበላት በመብራት የሚታይ ልዩነት የሚያመጣው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ሙቀቱን ጨምርበት። ተራ 10ደብሊው-40 ዘይት 40 ዲግሪ ላይ ሳለ፣ 100 ዲግሪ ከደረሰበት ጊዜ ስድስት ሰባት እጥፍ ይወፍራል። ጠዋት ያለቀ ሞተር እንኳ ግሩም ግፊት ያሳያል። ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ሚኒሞ ላይ ፓምፑም ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚገፋው ጥቂት ነው። የአንተ መብራት የምትበራው በትክክል በዚህች ሰዓት ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ሲደክም።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ መካኒኮችም የሚስቱትን ላንሳ። ክራንክሻፍቱን ብሮንዚኑን እንዳይነካ ተንሳፍፎ የሚያቆየው የፓምፑ ግፊት ብቻ አይደለም። ክራንክሻፍቱ ራሱ ሲሽከረከር ዘይቱን እንደ ሽብልቅ ወደ ጠባቡ ቦታ እየጎተተ ያስገባና በዚያ ላይ ይንሳፈፋል። የፓምፑ ግፊት ያንን ዘይት ሳያቋርጥ ማድረስ ነው ሥራው። ሚኒሞ ላይ ጭነት ስለሌለ ትንሽ ግፊት ይበቃል። ዳገት ላይ በዝቅተኛ ዙር አፍነህ ስትነዳት ግን ጭነቱ ከባድ፣ ዙሩ ቀርፋፋ፣ ዘይቱም ትንሽ ይሆናል። ያንን ያልኩህ ለዚህ ነው።

እንግዲህ መለካት ነው። ከሦስቱ መካኒኮች አንዱም ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አላወጣም፤ ያሳዘነኝ ይኸ ነው። ቱቦ ያለው ተራ የዘይት ግፊት ጌጅ ያለው መካኒክ ፈልግ። መጀመሪያ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ የዘይቱ ልክ በመለኪያ ዘንጉ ይታይ። ልኩ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ምርመራው እዚያው ያበቃል፤ ሞልተህ ነድተህ ታያለህ። ልክ ከሆነ ስዊቹ ይፈታና በቦታው ጌጁ ይገጠም። ጥርሱ የሚስማማ ማገናኛ መሆኑን ሳያረጋግጥ በቁልፍ እንዳያስገድደው፤ ብዙ ጊዜ ስዊቹ የሚገባበት አካል አልሙኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ ሌላ ጣጣ ነው። ቱቦው ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት።

ሦስት ቁጥር ነው የምፈልገው፤ ቀዝቃዛ ሚኒሞ፣ በደንብ ከሞቀች በኋላ ሚኒሞ፣ እንደሞቀች በደቂቃ 3000 ዙር ላይ። «ሞቀች» ስል የውሃው መርፌ መሃል ሲደርስ ማለቴ አይደለም። ዘይት ከውሃ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ ሃያ ደቂቃ መነዳት አለባት። ትክክለኛው ልክ በሞተርህ የጥገና መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር መጽሐፍ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ 0.3 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ 3000 ዙር ላይ ከ2.5 እስከ 5.0 ይላል፤ ኪሎ ግራሙን እንደ ባር ብትቆጥረው አትሳሳትም። የሚኒሞው ልክ ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ አስተውል። መብራቷ የምትበራበትና ጤነኛ የሚባለው ሞተር የታችኛው ልክ ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ በሞቀ ሚኒሞ የምትታይ ብልጭታ ብቻዋን ሞት አትፈርድም። ፍርዱ ያለው 3000 ዙር ላይ ነው።

ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ 0.8፣ 3000 ላይ ደግሞ 3 ባር ካነበብክ ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ስዊቹ ወይም ሽቦው ጋ ነው። ሚኒሞ ላይ 0.3 ሆኖ 3000 ላይ 3 ከሆነ ሞተሩ እንደ ዕድሜው ተበልቷል፣ ግን ገና ብዙ ይሄዳል። የእኔ ግምት አንተ እዚህ ላይ ነህ። ሁለቱም ከወደቁ፣ ለምሳሌ 0.2 እና 1.2 ከሆኑ፣ የቀዝቃዛውን ቁጥር ተመልከት። ቀዝቃዛው ከፍተኛ ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ዘይቱ የሚያመልጠው በሰፉት ክፍተቶች ነው። ቀዝቃዛ ሆኖም ደካማ ከሆነ ፓምፑን ጠርጥር፤ የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ ክፍት ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም የፓምፑ ጥርሶች ተበልተዋል። መርፌው የሚንቀጠቀጥ፣ የሚዘል ከሆነ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር እየሳበ ነው።

ሞተር ከማውረድ በፊት ርካሽና ቀላል የሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ፣ አንዱም አልተነገረህም።

የመጀመሪያው ሚኒሞው ራሱ ነው። መኪናህ ሲሞቅ ስንት ዙር ላይ ነው የምትቆመው? 750 መሆን ሲገባው 500 ላይ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ፓምፑ ከሚገፋው ዘይት ሲሶው ቀረ ማለት ነው። የአየር ማስገቢያው ትሮትል በጥላሸት ተሸፍኖ ወይም የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ታፍኖ ዙሩ ወርዶ፣ ሰዎች ብሮንዚን ሊቀይሩ ሲነሱ አይቻለሁ። ትሮትሉን አጽድተን ዙሩን ወደ ልኩ ስንመልሰው መብራቷ ጠፍታ የቀረችባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛው ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ገብቶ እንደሆነ ነው። የመለኪያ ዘንጉን አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ከሸተተ፣ ዘይቱም ሳትጨምርበት ልኩ ከፍ እያለ ከሄደ፣ የሚያፈስ ኢንጀክተር አለ ወይም እሳት የማይሰጥ ካንዴላ፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ በአጭር በአጭሩ ብቻ የምትነዳም ከሆነ እንዲሁ ይሆናል። ቤንዚን የቀላቀለ ዘይት የቱንም ያህል ወፍራም ተብሎ ቢገዛ ቀጭን ነው። ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ካየህበት ደግሞ የገባው የራዲያተር ውሃ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩን አታስነሳው።

ሦስተኛው የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው። ለሞተርህ የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ፤ «ይገጥማል» ማለት ይሆናል ማለት አይደለም። ስታወጣው አትጣለው። ሽፋኑ ተቆርጦ ወረቀቱ ይዘርጋ፣ ተጨምቆ በብርሃን ይታይ። አሮጌ ሞተር ጥቂት ደቃቅ ብናኝ ቢተው አልደነግጥም። ማግኔት የማያነሳው የሚያብረቀርቅ ነጭ ቅርፊት ካለ ግን የብሮንዚን ፊት እየተላጠ ነው፤ በአንዳንድ ብሮንዚኖች የመዳብ ቀለም ከታየ የላይኛው ንጣፍ አልቆ ወደ ሁለተኛው ደርሷል። እኔ ከጆሮዬ ይልቅ ይህን ወረቀት አምናለሁ።

ድምፅ ስል፣ ሦስተኛው መካኒክህ የሰማው ምን እንደሆነ አላውቅም። ከላይ ከቫልቮቹ አካባቢ የሚመጣ ቀጭን መንኳኳት ሞተሩ አልቋል አያሰኝም። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን ሲሄድ ድምፁ ከታች ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቤንዚን ሰጥተህ ቀስ ብለህ ስትለቅ ይጎላል። የአንዱን ሲሊንደር እሳት ለአፍታ ሲቋርጡት ድምፁ ከለዘበ የታመመው እሱ ነው።

አሁን ስለ 20ደብሊው-50። ሁለተኛው መካኒክ መብራቷን ቀነሰልህ፣ ልክ ነው፤ ወፍራም ዘይት በሰፊ ክፍተት ቀስ ብሎ ያመልጣል። ግን ጠዋት ከላይ የሰማኸው ቀጭ ቀጭ ዘይቱ ቴስታታው ጋ ለመድረስ የዘገየበት ድምፅ ይመስለኛል። በቀዝቃዛ ጊዜ ያ ዘይት ማር ነው። የሞተርህ መጽሐፍ የሚፈቅድልህ ከሆነ በዘይቱ የውፍረት ቁጥር ከ30 ወደ 40 አንድ ደረጃ መውጣት ላረጀ ሞተር ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ፤ ግን ከለካሁ በኋላ፣ ቁጥሩን ጽፌ። ሳይለኩ ወፍራም ዘይት መሙላት ወይም ጣሳ ውስጥ ያለ ማወፈሪያ ማፍሰስ የሞተሩን አፍ መያዝ ነው። በሚቀጥለው ቅያሬ ወደ 10ደብሊው-40 ተመለስ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርህ። ራሴን ችዬ መሥራት በጀመርኩበት ዓመት አንድ አዛውንት ልክ እንዳንተ ያለ መብራት ይዘው መጡ። ሲሞቅ፣ ሚኒሞ ላይ። ስዊቹን ቀየርኩ፣ መብራቷ ጠፋች። «አሁን ደህና ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት» አልኳቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናዋ ተጎትታ መጣች። የሦስተኛው ሲሊንደር ቢየላ ብሮንዚን ከቦታው ዞሮ፣ ክራንክሻፍቱን አርሶ፣ ቢየላው ተሰብሮ የብሎኩን ጎን ቀዶት ወጥቷል። ጌጁ ሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አውርጄ ብገጥመው ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ሰውየው አልተቆጡኝም፤ «ደህና ናት ብለኸኝ ነበር» ብቻ ነው ያሉት። የዞረውን ብሮንዚን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጌጅ ሳልገጥም ስለ ዘይት መብራት ለማንም «ደህና ናት» ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ አስለካ። 3000 ዙር ላይ ከ2.5 በላይ ካለህ ሚኒሞውን አስተካክል፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር፣ በየስድስት ወሩ እንደገና አስለካና ቁጥሮቹን ጻፋቸው። የቁጥሩ ዝቅ ማለት ከቁጥሩ ራሱ የበለጠ ይናገራል። ሁለቱም ቁጥሮች ከወደቁ ደግሞ «ሞተሩ ይውረድ» ከማለት በፊት «ኮፓው ይውረድ» በል፤ ኮፓ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ ነው። በብዙ መኪኖች ሞተሩ ሳይወርድ ኮፓው ከሥር ይፈታል፤ የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ይታያል፣ የአንድ የሁለት ቢየላ ብሮንዚን ተፈትቶ ይታያል። ክራንክሻፍቱ ካልተጫረ በዚያው ብሮንዚን ብቻ ተቀይሮ የሚድን ሞተር አለ። ክፍተቱን ለመለካት በብሮንዚኑና በክራንክሻፍቱ መካከል ገብታ ብሎኑ ሲጠብቅ የምትጠፈጠፍ ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለች፤ የተጠፈጠፈችበት ስፋት ሚሊ ሜትሩን ይነግርሃል። መካኒክህ ይህን የሚያደርግ ከሆነ እጁን አትልቀቀው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። የእኔ ከሌሎች የተገላቢጦሽ ነው። መኪናዬ 2 ሊትር ቤንዚን ናት፣ 290,000 ሄዳለች፣ ሦስተኛው ባለቤት ነኝ። ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብነዳት መብራቷ አትበራም። አውራ ጎዳና ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ከሄድኩ ግን ትበራለች። ቆሜ አሥር ደቂቃ ሳሳርፋት ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች። ጓደኞቼ የሞተር ማጠቢያ ጨምረህ ዘይቱን ቀይር ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሦስቱ ጠያቂዎች በጣም ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው። እባክዎ አውራ ጎዳና ላይ ከእንግዲህ አይውጡባት፤ ማጠቢያውንም አይጨምሩ።

ያለቀ ብሮንዚን መብራቷን የሚያበራው በዝግታ ሲዞር ነው፤ ቤንዚን ሲሰጡት ይሻለዋል። የእርስዎ ዙሩ ሲጨምር ከታመመ ዘይቱ በብሮንዚን እያመለጠ ሳይሆን ፓምፑ ጋ እየደረሰ አይደለም። ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው የሚስበው በወንፊት በኩል ነው። ሞተሩ ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት ተሸክሞ ከሆነ አተላው ወንፊቱን ይደፍነዋል። በዝግታ ሲሄዱ በቀሩት ቀዳዳዎች የሚያልፈው ይበቃል፤ ፍጥነት ላይ ፓምፑ የሚፈልገው ሲበዛ ይታነቃል። መሳቡ ሲቆም ደግሞ ወንፊቱ ላይ የተለጠፈው ይላቀቅና ዘይቱ ያልፋል። ስታርፍ የሚሻላት ለዚህ ነው።

አንድ ተጨማሪ ፈተና ይሞክሩ። በአጭር መንገድ ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ ዙሩን ለጥቂት ደቂቃ 2500 ላይ ያቆዩና መብራቷ ሳትበራ ያጥፉ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የመለኪያ ዘንጉን ያውጡ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና። ሁልጊዜም ጥቂት ልዩነት አለ፤ ልዩነቱ በጣም የሰፋ ከሆነ ግን ዘይቱ ቴስታታው ላይ ቀርቷል፣ መመለሻ ቀዳዳዎቹም በአተላ ተደፍነዋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት ሲያዩ ጥቁር ቅርፊት ካገኙ ነገሩ ተረጋገጠ።

ማጠቢያውን የምከለክለው ተንኮል ስላለው አይደለም። ሥራውን ስለሚሠራ ነው። የጋገረውን አተላ በትልልቅ ቁራጭ ያላቅቀዋል፤ ቁራጩ የሚሄደው ወደ ወንፊቱ ነው። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ትክክለኛው መንገድ ኮፓውን ማውረድ፣ ወንፊቱን ማጠብ ወይም መቀየር፣ መሳቢያ ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገጣጠምበትን ኦሪንግ ወይም ጓርኒሲዮን አዲስ ማድረግ ነው። ያ ኦሪንግ ሲደርቅ አየር ያስገባል፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ብዙ ሞተር ግን ገድላለች። ኮፓው ሲመለስ ሲሊኮኑ ቀጭን መስመር ይሁን። አንድ ወንፊት ውስጥ ግማሹን የደፈነው አተላ ሳይሆን ከኮፓ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጨምቆ የተቆረጠ ሲሊኮን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንድ ሰው ከልቡ እንዳያፈስ ብሎ ያበዛው።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ይቀይሩ፣ ቀጥሎ በየ3000ው ጥቂት ጊዜ። ጥሩ ዘይት በራሱ ቀስ እያለ ያጥባል። የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ተደፍኖ እንደሆነም ያሳዩ፤ እሱ ተደፍኖ ከቀረ አተላው ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአራት ወር በፊት 260,000 የሄደች መኪና ገዛሁ። ሻጩ «የዘይት መብራቷ በርታ አታውቅም» ብሎኝ ነበር፤ እውነትም በርታ አታውቅም። አሁን ልብ ያልኩት ግን ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ቁልፉን ሳዞር የባትሪዋና የሌሎቹ መብራቶች ሁሉ ሲበሩ እሷ ብቻ አትበራም። መጨነቅ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ልጄ፤ ይህንን ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቷ መብራት አለባት፤ ያኔ ግፊት የለምና። ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦዋ ተቆርጧል ወይም ተነቅሏል፣ ወይ ስዊቹ ሞቷል። እንዳትታይ ሆን ብሎ ያወጣትም ሰው ሊኖር ይችላል። ሻጩን ሳላውቅ አልፈርድበትም፤ መኪናዋን ግን እንደ ታማሚ ቁጠሪያት።

በአሮጌ መኪኖች ላይ ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ስዊቹ ላይ የተሰካችውን አንዷን ሽቦ ንቀይ፤ ብዙ ጊዜ ፊልትሮው አካባቢ ናት። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልሽ፣ ሞተሩ ግን አይነሳ። የሽቦዋን ጫፍ የሞተሩን ንጹሕ ብረት አስነኪያት። መብራቷ ከበራች ሽቦውና አምፖሉ ደህና ናቸው፣ ስዊቹ ይቀየር። ካልበራች ዳሽቦርዱ ተፈትቶ አምፖሏ ትታይ፣ ቀጥሎ ሽቦው። ሽቦዋን ነቅለሽ ሳታስነኪያት ሳለ ከበራች ደግሞ ሽፋኗ የተላጠ ሽቦ የሆነ ቦታ ብረት እየነካች ነው። ሁለት ስዊች ያላቸው አንዳንድ የቆዩ ቮልስዋገኖች ላይ ይህ አይሠራም፤ እነሱ ላይ አንዱ ለዝቅተኛ ዙር፣ ሁለተኛው ከ2000 ዙር በላይ የሚጠብቅ ነው፣ የመኪናዋ መጽሐፍ ያስፈልግሻል።

ስዊቹ መፈታቱ ካልቀረ በቦታው ጌጅ ገጥመው ከላይ ለልጁ የነገርኩትን ሦስት ቁጥሮች ያንብቡልሽ። እስከዚያው አትንጃት። የዘይቱን ልክ ዛሬውኑ እይው፣ ቁጥሮቹ ሲመጡም ላኪልኝ።